አደረ እንጂ አልደረሰም

ቅዳሜ ማታ እናቴ የቡሃቃውን ክዳን ገልጣ ሊጡን አየችና «አድሯል፤ ገና አልደረሰም» አለች። እኔ የማድ ቤቱን በር ተደግፌ ቆሜ ነበር። ስላደግሁበት ሰፈር አንድ ጽሑፍ አቀርባለሁ ብዬ ቃል ከገባሁ ሦስተኛ ወሬን ይዤ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን የሰፈረው ርእሱ ብቻ ነው። «ያንተስ ጽሑፍ ምን ደረሰ?» ስትለኝ የራሷን ቃል መልሼ «እሱም አድሯል፤ አልደረሰም» አልኳት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች አየችኝ። «አይ ልጄ፤ ሊጥ የሚያድረው እርሾ ገብቶበት ነው። ያንተ አላደረም፤ ተረሳ እንጂ።»

ያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የነካኝ ወቀሳው አይደለም፤ ከሷ የባሰ ራሴን ስወቅስ ነው የከረምኩት። የነካኝ ቃሉ ነው። በአንድ «አደረ» ውስጥ ሁለት ነገር እንዳለ፣ አንዱን ከሌላው ለይቼ ሳላውቅ ስንት ዓመት እንደ ጻፍኩ፣ ወይም እንዳልጻፍኩ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ተነሥቼ መዝገበ ቃላት መግለጥ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የፈለግሁት «ነገ»ን ነው፤ ሥራውን የሚሸሽ ጸሐፊ ሁሉ የሚጠጋው እሱን ነውና። በግእዝ «ነግህ» ማለት ንጋት፣ ማለዳ ነው። ቤተ ክርስቲያን የማለዳውን ጸሎት እስከ ዛሬ ጸሎተ ነግህ ትለዋለች። ግሱ «ነግሀ» ሲሆን በአማርኛ የመጨረሻው ሀ ተውጦ «ነጋ» ሆኗል፤ ንጋት፣ ሊነጋጋ፣ እስኪነጋ ሁሉ ከሱ ይወጣሉ። «ነገ»ም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ዕብራይስጥ በዚሁ ሥር «ኖጋህ» ሲል ጸዳልን፣ ብርሃንን ይጠራል፤ ቬነስ የተባለችውንም ኮከብ በዚህ ስም ያውቃታል። ጀርመንኛ «ሞርገን»፣ ስፓኒሽ «ማኛና» ብለው በአንድ ቃል ማለዳንም ነገንም ይጠራሉ። ብዙ ሕዝብ ነገን ያገኘው ከማለዳ ብርሃን ነው ማለት ነው። ስለዚህ «ነገ እጽፋለሁ» ያለ ሰው በቃሉ ሥር ከሄድን የተናገረው «ሲነጋ እጽፋለሁ» ብሎ ነው። ቃሉ በራሱ ሩቅ ቀን የለውም። አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚሰጠን።

እዚህ ላይ የኛ ሰዓት አቆጣጠር አንድ ነገር ይጨምራል። ቀኑን የምንቆጥረው ፀሐይ ከወጣችበት ነውና እኩለ ሌሊት ለኛ 6 ሰዓት ነው፤ የሌሊቱ ወገብ እንጂ የአዲስ ቀን መግቢያ አይደለም። በፈረንጅ ሰዓት 12 ሲሞላ ቀኑ የሚለወጥበት ሰው እኩለ ሌሊት ላይ «አለፈኝ» ይል ይሆናል። በእናቴ አቆጣጠር ግን ካልነጋ ነገ አልመጣም።

ላቲኖች «ነገ»ን «ክራስ» ይሉታል። ከሱ «ክራስቲኑስ» ይወጣል፤ የነገ የሆነ፣ ነገያዊ እንደ ማለት። ፊቱ ላይ «ወደ ፊት» የሚለውን «ፕሮ» ሲጨምሩበት «ፕሮክራስቲናሬ» ሆነ፤ ሥራን ወደ ነገ መግፋት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ይህንን ቃል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሰደው፤ ዛሬ በየከተማችን «ፕሮክራስቲኔት አደረግሁ» ሲባል የምንሰማው ያው ነው። ሮማውያን በነገሩ ክፉኛ ተማርረውበታል፤ ሲሴሮ በማርክ አንቶኒ ላይ ካደረጋቸው ንግግሮች በአንዱ ይህንኑ ቃል ጠርቶ የሚጠላ ነገር እንደ ሆነ ተናግሯል። (ራስን መግዛት ማጣትን ግሪኮች «አክራሲያ» ስለሚሉት ሁለቱን ቃላት የሚያዛምድ ሰው ያጋጥማል። ዝምድና የላቸውም። የግሪኩ «ክራቶስ»፣ ማለትም ኃይል፣ ከሚለው የወጣ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው አ ማፍረሻ ነው፤ ኃይል አልባነት እንደ ማለት። የድምፅ መመሳሰል ሥርወ ቃል የሚወድ ሰው ቶሎ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው፤ ከታች እኔም በአፋፉ ላይ እሄዳለሁ።)

አሁን አማርኛውን እንየው። ላቲኑ ሥራውን ይገፋል፤ አማርኛው «ዛሬ ነገ ይላል»። ግሱ «ማለት» ነው። በኛ ቋንቋ ሥራን ማቆየት የአፍ ሥራ፣ የመናገር ሥራ ነው። ይህ ለሁሉም ሰው እውነት ቢሆንም ጸሐፊን ግን ለይቶ ይወጋዋል። አናጢ ሥራውን ሲያቆይ መጋዙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ ጸሐፊ ሥራውን የሚያቆየው በዚያው በመሣሪያው፣ በቃል ነው። ጽሑፉን ለሚጠብቀው አዘጋጅ የላክኋቸውን መልእክቶች አንድ ቀን ተቀምጬ አነበብኳቸው። «ትንሽ ቢቆይ ይሻላል»፣ «መግቢያው አልጣመኝም»፣ «ከፊታችን ሰኞ አያልፍም»። በጥንቃቄ የተጻፉ፣ ሥርዓተ ነጥባቸው የተሟላ፣ ሲደመሩ ሁለት ገጽ የሚያልፉ ናቸው። የቀረብኝ ጽሑፍ መግቢያ ከዚያ ያንሳል። ሦስት ወር ሙሉ ጽፌ ነበር ማለት ነው፤ የጻፍኩት ግን «ነገ» የሚለውን ድርሰት ነው።

ይህንን ስንፍና ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ ቃሉ ግን አይገጥምም። ግእዝ ለስንፍና የራሱ ቃል አለው፤ ሀኬት ይባላል፤ ሰውየው ሀካይ ነው። «ሰነፍ» ደግሞ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሞኝን፣ ማስተዋል የጎደለውን ሰው ለመጥራት ነው። ዛሬ ነገ የሚል ጸሐፊ ከሁለቱም አይደለም። ቤቱን ይጠርጋል፣ መጻሕፍቱን በመልክ በመልኩ ይደረድራል፣ የጓደኛውን ጽሑፍ ሌሊት ተቀምጦ ያርማል፤ የማይነካው አንዱን ብቻ ነው። ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ነገሩ ከጊዜ አጠቃቀም ይልቅ ከስሜት አያያዝ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ተከራክረዋል፤ ሰው ሥራው የሚያስነሣበትን ጭንቀት ለጊዜው ለማስታገስ ሲል ሥራውን ይሸሻል ነው የሚሉት። በራሴ አውቀዋለሁ። ስለ ሰፈሬ ልጽፍ ስቀመጥ የምፈራው ሰፈሩ በልቤ እንዳለ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ቢቀርስ የሚለውን ነው። ያልተጻፈ ጽሑፍ አይበላሽምና።

ወደ «አደረ» ልመለስ፤ ከሌሊቱ ፍለጋዬ ብዙውን ጊዜ የወሰደው እሱ ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደምንለው አስቡት። እንዴት አደርክ፣ ደህና እደሩ፣ ሰላም ያሳድረን። ግእዙ «ኀደረ» ነው፤ ትርጉሙም ሌሊቱን አሳለፈ ብቻ አይደለም። ኖረ፣ ተቀመጠ፣ ቤቱን አደረገ ነው። አማርኛ ያንን ሰፊ መኖሪያ ወደ አንድ ሌሊት አጠበበው። ግን ሙሉ በሙሉ አልጣለውም። ፍቅር አደረበት ስንል ፍቅሩ አንድ ሌሊት ተኝቶ ሄደ ማለታችን አይደለም። ቂም ያድራል፣ መንፈስ ያድራል፣ ሰው ለጌታው ያድራል። በነዚህ ሁሉ «አደረ» የድሮውን «ገብቶ ኖረ» ይዞ ቆይቷል።

ከዚህ ሥር ለጸሐፊ የቀረበ ሌላ ቃል ይወጣል፤ ማኅደር። ማደሪያ ማለት ነው። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት፣ ማንገቻ ያለው፣ በግድግዳ ችካል ላይ የሚንጠለጠለው የቆዳ ቤት ማኅደር ይባላል። መጽሐፉ የሚያድርበት ቤት ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ሰነድ የሚቀመጥበትን አቃፊ በዚሁ ስም እንጠራዋለን። በዚያው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲረዝም ደግሞ አጀንዳው «በይደር» ይያዛል። ይደርና ማኅደር የአንድ ሥር ቃላት ናቸው፤ አንዱ ነገሩን ለሌላ ቀን ያሻግራል፣ ሌላው ነገሩን ተቀብሎ ያስቀምጣል። እናቴ በሊጡ ላይ ቆማ የነገረችኝ ልዩነት በትክክል ይኸው ነው።

«የዛሬን ሥራ ለነገ አታሳድር» የሚለውን ምክር ልጅ ሆኜ በእጅ ጽሑፍ መለማመጃ ደብተር ላይ ስንት ገጽ ገልብጫለሁ። ለገበሬ፣ ለነጋዴ፣ ለቢሮ ሰው ልክ ነው። ለጸሐፊ ግን ግማሹ ብቻ ነው ልክ ብዬ አምናለሁ፤ ማደር ያለበት ጽሑፍ አለና። ጤፉ በውኃ ይለወሳል፣ ካለፈው ሊጥ የተቀመጠ እርሾ ይገባበታል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሌሊት ይተዋል። በነዚያ ሌሊቶች ማንም አይነካውም፤ ሥራው ግን እየተሠራ ነው። መጋገሪያው ሲደርስ ከላይ የቀረረው ውኃ ይደፋል፤ ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውኃ እየተማሰለ ይበስልና አብሲት ይሆናል፤ አብሲቱ ወደ ሊጡ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሊጡ ይነሣል። ዓይን ያለው እንጀራ የሚገኘው እንዲህ ነው። እርሾ ያልገባበት ሊጥ ሦስት ሌሊት ቢቀመጥ አላደረም፤ ተቀመጠ እንጂ።

የጽሑፍ እርሾ ምንድን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ለኔ አንድ መጥፎ አንቀጽ ነው። ቢያንስ አንድ አንቀጽ፣ አስቀያሚም ቢሆን፣ ጽፌ የተኛሁ ቀን ነገሩ ውስጤ ያድራል፤ ታክሲ ተሰልፌ ሳለሁ የጎደለው ቃል ይመጣል፣ ፊቴን ስታጠብ የመግቢያው ቦታ የት እንደ ሆነ ይታየኛል። ምንም ሳልጽፍ የተኛሁ ቀን ግን የሚያድረው ጽሑፉ አይደለም፤ ፍርሃቱ ነው። መለያው ቀላል ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ያደረ ነገር ስለ ራሱ ያሳስበኛል፣ የተተወ ነገር ስለ እኔ ያሳስበኛል። ስለ ሰፈሩ ወፍጮ ቤት እያሰብኩ ከሆነ አድሯል። ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው ብዬ እያሰብኩ ከሆነ ተረስቷል። አብሲትም እንዲሁ ነው፤ ከትልቁ ጉዳይ ጥቂት ቀንሶ፣ እሱን ብቻ እሳት ላይ ጥዶ ማብሰልና መመለስ። ሰፈሬን ሁሉ መጻፍ አልቻልኩም ነበር፤ የወፍጮ ቤቱን ደጃፍ ግን እችላለሁ።

እነዚህን ቃላት የፈለግሁበት አንዱ መዝገብ ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ሥራውን የወጠኑት መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ሳይጨርሱት ለደቀ መዝሙራቸው ተዉት። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሰጥተውት በ1936 ዓ.ም. አረፉ፤ መጽሐፉን ታትሞ አላዩትም። ለኅትመት ያበቁት የሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ደስታ ቀጥለውም የራሳቸውን ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ሁለቱም መዝገቦች በአበገደ ተራ የተሰደሩ በመሆናቸው ሀለሐመ ለለመደ ዓይን መጀመሪያ ያስቸግራሉ፤ ሌሊት «ነ»ን ፍለጋ ስንት ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ፊት እንደ ገለጥኩ አላውቅም። ድካሙ ግን ያኮራል። ሦስት ትውልድ የተቀባበለውን መጽሐፍ ዘገየ የሚል አንባቢ የለም። አደረ። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እያደረ ሄደ፤ እያንዳንዱም ሌሊት በውስጡ እርሾ ነበር።

መምህሩ «ወጠኑ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በግእዝ ወጠነ ጀመረ ማለት ነው። ስፌት የምትሰፋ ሴት መሶብ ስትጀምር፣ መካከል ላይ ያለችውን ያችን ትንሽ ጥምዝ ስታስይዝ፣ ወጠነች ይባላል። ውጥን የተጀመረ ግን ያላለቀ ሥራ ነው፤ በአማርኛ ሐሳብና ዕቅድም ሆኗል። ከዚሁ ግስ የወጣው ሌላ ቃል ብዙዎቻችንን የሚያስደንቅ ነው፤ ጥንት። ከወለደ ልደት፣ ከወረሰ ርስት እንደሚወጣ ሁሉ ከወጠነ ጥንት ይወጣል፤ ፊት ያለው ወ ይወድቃል። ጥንት በሥሩ ያረጀ ዘመን ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን መሳቢያዬ ውስጥ የተከማቹትን ውጥኖቼን በሌላ ዓይን አየኋቸው። አብዛኞቹ የከሸፉ ሥራዎች መስለው ይታዩኝ ነበር። ለአንዳንዶቹ ያ እውነት ነው። ሦስቱን ግን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አወጣኋቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው «ቀጠሮ» ነው። ቃሉ ስሙ ጠፍቷል፤ «የአበሻ ቀጠሮ» እየተባለ መዘግየት ራሱ በስሙ ይጠራል፤ ያሳዝነኛል። ተነባቢዎቹ ቀ፣ ጠ፣ ረ ናቸው፤ በነዚያው ሦስት ፊደላት «ቅጥር» አለ፤ ዙሪያውን የከበበ ግንብ ወይም አጥር፤ ቅጥር ግቢ የምንለው። በግእዝ ቅጽር ይባላል፣ የግእዙ ጸ በአማርኛ ጠ ሆኖ ነው። ሰው መቅጠርም፣ ቀን መቅጠርም፣ የግቢ ቅጥርም በአንድ ድምፅ ይነገራሉ። ሦስቱ ከአንድ አባት መወለዳቸውን እዚህ ለመፍረድ አልደፍርም፤ አማርኛ የሚሰማ ጆሮ ግን አጥሩን ከቀጠሮው አይለየውም። ቀን ቀጠርኩ ማለት ቀኑን አጠርኩ ማለት ሆኖ ይሰማኛል። ሦስት ወር ሙሉ ለጽሑፌ ቀጠሮ የመሰለኝ «ሰኞ» አጥር አልነበረውም፤ ከየትም ይገባበት፣ በየትም ይወጣበት ነበር።

ይህንን አጥር ከማንም በተሻለ የሚያውቁት የቅኔ ቤት ሰዎች ናቸው። በዋሸራም ሆነ በዋድላ መንገድ የሚማር የቅኔ ተማሪ የዕለት ሥራ አለው። ቀን ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ይሄድና ራሱን ሸፍኖ ቅኔ ይቆጥራል። ቆጠራ ነው የሚሉት፤ ማሰብም አይሉትም፣ መጻፍም አይሉትም። ከዚያ የቆጠረውን መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ይህም ነገራ ይባላል። መምህሩ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ያፈርሳሉ። ጀማሪ የሚጠየቀው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ሁለት መስመር! 8 ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ከብዙ ቆጠራ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ተመልሶ አይባልምና ነገ ሌላ ይቆጠራል። (ቆጠራና ቀጠሮ፣ ቋጠሮም ጭምር፣ ጆሮ ላይ ወንድማማች ይመስላሉ። ቆጠራ ግን በጥንቃቄ ሲጻፍ በቈ ነው፤ ቀና ቈ ሁለት ፊደል ናቸው፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ነን ያልኩት ለዚህ ነው።)

በዚያ ሥርዓት ዛሬ ነገ ማለት የሚቻል አይመስለኝም። ሥራው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ አያስፈራም። ቀኑ የታጠረ ነው፤ ስለዚህ መውጫ የለውም። ሰሚ አለ፤ ስለዚህ «ነገ» የሚለው ቃል በባዶ ክፍል አይነገርም። እኔ ከሁሉም የጎደለኝ ሦስተኛው ነበር። አዘጋጁ ያላለቀ ጽሑፍ አይሰማም፤ የሚጠብቀው ያለቀውን ነው። የቅኔ መምህር ግን ያላለቀውን ለመስማት ተቀምጠዋል። ስንት ጽሑፍ ሰሚ አጥቶ እንደ ሞተ ሳስበው ያመኛል፤ በከተማችን የጻፉትን ገና ትኩስ ሳለ ለአንድ ሰው ድምፅ አውጥተው የሚያነቡ ጸሐፍት ቢበዙ እመኛለሁ።

አንድ ቃል ቀረ፤ እናቴ ሊጡን ያየችበት «ደረሰ»። እህሉ ደረሰ፣ ጠላው ደረሰ፣ እንግዳው ደረሰ፣ ልጅቷ ደረሰች። መድረስ መብሰልም መምጣትም ነው። በዚሁ ድምፅ ግን ሌላ ደረሰ አለ፤ መጽሐፍ ደረሰ፣ ድርሰት፣ ድርሳን፣ ደራሲ። ይህኛው የግእዝ ነው፤ ዘመዶቹም ሩቅ ናቸው፤ በዕብራይስጥ መመርመርንና መተርጎምን የሚጠራው «ዳራሽ» ከነ«ሚድራሹ»፣ በአረብኛ መማርን የሚጠራው «ደረሰ» ከነ«መድረሳው»። በሥር ሲታይ ደራሲ መርማሪ፣ ተማሪ ነው። ሁለቱን ደረሰዎች አንድ ማድረግ አልችልም። አማርኛ ግን በአንድ አፍ ይጠራቸዋል፤ ጽሑፍህ ደረሰ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ በሰለ ወይም መጣ ወይ የሚለውና ተደረሰ ወይ የሚለው አብረው ይሰማሉ። «አልደረሰም» ስል ሦስት ወር የኖርኩት በመጀመሪያው ትርጉም ነበር፤ እንደ እህል በራሱ ጊዜ ይደርሳል ብዬ ስጠብቅ። ሁለተኛውን፣ እጅ የሚጠይቀውን፣ አልሰማሁትም ነበር።

መዝገቦቹን ዘግቼ ወረቀት ሳብኩ። ለራሴ ጉባኤ ቃና አዘዝኩ፤ ሁለት መስመር፣ ከዚያ መተኛት። የጻፍኩት ስለ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ነው፤ ስልቻቸውን ተራ አስይዘው ጥላ ሥር ስለሚቀመጡ ሴቶች፣ የሚያወሩት በሞተሩ ጩኸት ተውጦ ከንፈራቸው ብቻ ስለሚታየው። ሁለቱ መስመሮች ሰባት ሆኑ። ቀና ስል ሌሊት 10 ሰዓት አልፏል። ውጪው ጨለማ ነበር፤ ገና አልነጋም።

ጠዋት እናቴ ምጣዱን እያሰሰች ሳለ ወረቀቱን ይዤ ማድ ቤት ገባሁና ቆሜ አነበብኩላት። የመጀመሪያውን እንጀራ እስክታወጣ ዝም ብላ ሰማች። አውጥታ ሰፌዱ ላይ ዘረጋችው፤ ዓይኖቹ ሞልተዋል። ከዚያ ወደኔ ዞር አለችና፦

«ከዚያስ?» አለችኝ።